መጀመሪያ ስፉ፣ ከዚያ ቁረጡ፦ ቁርጥራጭ ጨርቅን በትንሽ ስፌት መቀጣጠል

[ጠረጴዛ ከላይ ሲታይ። አንድ ማዳበሪያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይገለበጣል።]

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይሄ ማዳበሪያ የመጣው አራት ኪሎ ካለ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። የዩኒፎርም ሰሞን ሲደርስ ሰፊ ቤት ውስጥ ቁርጥራጩ እግር ይጠልፋል። እስቲ ምን ምን እንዳለ እንይ። ቴትረን። ፖፕሊን። አቡጀዴ። ይቺ ደግሞ የሆነ ሰው የሠርግ ሱፍ ገበር ናት። ሰፊውን ጋሼ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ካልወሰድሽው ገንዳ ነው የሚገባው» አሉኝ። ተሸክሜው መጣሁ።

ከዚህ የምንሠራው የአልጋ ልብስ ነው። ፈረንጆቹ ኩዊልት ይሉታል። ከላይ የተቀጣጠለ ጨርቅ፣ መሃል ሙቀት የሚይዝ ነገር፣ ከስር ገበር፤ ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። መሃሉ ላይ እኔ የሳሳ አሮጌ ጋቢ ነው የማስገባው። እናቴ ስታየው «ድሪቶ ነዋ!» አለች። ብዙም አልተሳሳተችም። ድሪቶ ግን ቀዳዳ ሲደፈን፣ ሲጣፍ፣ እንደገና ሲጣፍ የሚመጣ ነው። ኩዊልት ሲሠራ ቁርጥራጩ አስቀድሞ ታስቦበት ነው። እኩል እኩል የሆኑ ካሬዎች ይሠሩና ካሬዎቹ ይገጣጠማሉ። አንዱ ካሬ ብሎክ ይባላል። ብሎኬት እንዳይመጣባችሁ።

ዛሬ የማሳያችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጨርቁን ከትፋችሁ ከትፋችሁ ከዚያ ለመስፋት አትቀመጡ። መጀመሪያ ስፉ፣ ከዚያ ቁረጡ። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «እኛ የምናውቀው አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ ነው» አሉ። እንያዛት፣ እመለስባታለሁ።

[ሁለት ካሬ ጨርቅ፣ አንዱ ትንሽ አንዱ ትልቅ። አጠገባቸው ሜትር።]

ጨርቅ ባከነ ስንል ሁላችንም ዓይናችን ወለሉ ላይ ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዛ ነበርኩ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ትልቁ ብክነት ስፌት ስር ተደብቆ አገኘሁት።

በእያንዳንዱ ጠርዝ ለስፌት የሚተው ትርፍ አለ። እኔ 7 ሚሊ ተኩል እተዋለሁ። የአሜሪካ ኩዊልት ሠሪዎች ሩብ ኢንች ነው የሚተዉት፣ 6 ሚሊ ከምናምን። የኔ ቁርጥራጭ ጠርዙ ቶሎ ስለሚተረተር ትንሽ ጨመርኩበት። ስለዚህ ከግራና ከቀኝ ሲደመር 1.5 ሴንቲ ይገባል።

አሁን ይቺን 3 በ3 ሴንቲ ቁራጭ ተመልከቱ። ዙሪያዋ ሲሰፋ ላይ የሚታየው 1.5 በ1.5 ብቻ ነው። ከአራት እጅ ሦስቱ ተቀበረ ማለት ነው! በ9.5 ሴንቲ የተቆረጠው ካሬ ደግሞ ከመቶ 29 ያህሉ ነው የሚገባው። በ17.5 የተቆረጠው ወደ 16 ይወርዳል። ትንንሽ ቁራጭ ቆጣቢ ይመስላል እንጂ ጨርቅ በላተኛ ነው። ለዚህ ነው ከ4 ሴንቲ በታች የሆነውን የማልሰፋው። ትራስ ውስጥ እሞላዋለሁ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ሥራ መስፋት ሳይሆን ንድፉን ማየት ነው። ጎን ለጎን የሚውሉ አራት ካሬዎች አንድ ዓይነት ጨርቅ ከሆኑ፣ ለምን አራት ይሆናሉ? አንድ ትልቅ አድርጉት። ሦስት ስፌት ቀረላችሁ። ጨርቅም ቢሆን አራቱ 361 ካሬ ሴንቲ ሲፈጁ አንዱ 306 ነው የሚፈጀው።

[ክብሪት ሲጫር። ትንሽ ክር በመቆንጠጫ ተይዛ ስትቃጠል፤ ስር የብረት ሳህን።]

ከመጀመራችን በፊት ጨርቁን እንለይ። አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱ፤ ልጆች አጠገብ አይሁኑ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ቴትረኑን ለየብቻው አስቀምጡት። በካውያ እሺ አይልም፤ ሲሞቅበት ደግሞ ይጨማደዳል። አቡጀዴውን አጥባችሁ ተጠቀሙ። ካልታጠበ ኋላ ይሸበሸብና ሌላውን ጨርቅ ይጎትተዋል።

[ሰማያዊና ነጭ ረጃጅም ጨርቆች ጎን ለጎን።]

እሺ፣ የመጀመሪያው ብሎክ። ዘጠኝ ካሬ፣ ሦስት በሦስት፣ እንደ ዳማ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቀ። አምስት ሰማያዊ፣ አራት ነጭ። አሥር ብሎክ እንሥራ ብንል 90 ካሬ ቆርጠን፣ በየብሎኩ ስድስት አጫጭር ስፌት፣ በጠቅላላው 60 ስፌት ልንሰፋ ነው። እሱም ረድፎቹን ሳናገጣጥም ነው።

ካሬዎቹን እንርሳቸው። ወርዳቸው 9.5 ሴንቲ፣ ርዝመታቸው 1 ሜትር የሆኑ ጨርቆች እንቁረጥ፤ አምስት ሰማያዊ፣ አራት ነጭ። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ አድርጋችሁ ስፉ። ይሄን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ይሄን አንድ ጊዜ። ስድስት ረጅም ስፌት ብቻ። አሁን አግድም በየ9.5 ሴንቲው ቁረጡት። እንደ ዳቦ ነው። ከእያንዳንዱ አሥር ቁራጭ ይወጣል፣ 5 ሴንቲ ይተርፋል። እያንዳንዱ ቁራጭ የተሰፋ ረድፍ ነው። ስልሳው ስፌት ስድስት ሆነ።

«ከሰፊ ቤት ቁርጥራጭ 1 ሜትር የት ይገኛል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። 30 ሴንቲም ይሠራል፣ ሦስት ቁራጭ ይወጣዋል። ነጩን እኔ አቡጀዴ መርካቶ ወርጄ በሜትር ነው የገዛሁት። ሰማያዊው አሮጌ አንሶላ ነው። አንሶላ የሚያልቀው መሃሉ ላይ ስለሆነ ጎንና ጎኑ አዲስ ነው፤ አትጣሉት።

[ካውያ። ስፌቱ ወደ ሰማያዊው በኩል ሲተኛ በቅርብ።]

ስፌቱን ወደ ሰማያዊው አስተኙት። ሁሌ ወደ ጥቁረት ወዳለው። በነጩ ስር ሰማያዊ እንዳይታይ ነው፤ ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ ረድፍ ላይ ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ቀጣዩ ላይ ወደ ውስጥ ይተኛል። ሁለቱን ስታገናኙ ስፌቶቹ ይቆላለፋሉ። በጣታችሁ ይሰማችኋል፣ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል። ስፒል እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ካውያውን አትግፉት፣ አንሥታችሁ አስቀምጡት። መብራት ከሄደ ደግሞ በማንኪያ ጀርባ እየዳጣችሁ ቀጥሉ። ቆንጆ ባይሆንም ያስኬዳል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ረድፎቹን ስትሰፉ በየመሃሉ ክር አትበጥሱ። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን ከመኪናው እግር ስር አስከትሉ። እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይወጣሉ፣ በመጨረሻ መቀስ ነው። በየመነሻውና በየመድረሻው የምትጥሉት ክር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

[የተቆለመመ፣ ጠማማ ብሎክ። ጸሐፊዋ ወደ ካሜራው ታስጠጋዋለች።]

ይሄ የኔ ውርደት ነው። መጀመሪያ ሰሞን 48 ሦስት ማዕዘን ሌሊት ቁጭ ብዬ ቆረጥኩ። በመሥመር ደርድሬያቸው ሲያምሩ! ሰፍቼ ስጨርስ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆለመመ። በካውያ ብሞክር፣ ውሃ ብረጭ፣ ወይ ፍንክች።

ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ነጠላችሁን አንሡና በድሩ በኩል ሳቡት። አይለጠጥም። በማጉም ብዙም አይለጠጥ። አሁን በሰያፍ ሳቡት። አያችሁ? ሦስት ማዕዘን ስትቆርጡ ረጅሙ ጎን ሰያፉ ላይ ነው የሚወድቀው። በጣታችሁ ስትነኩት፣ መኪናው ሲስበው፣ ካውያው ሲሄድበት ይረዝማል።

መፍትሔው ያው ነው፤ መጀመሪያ ስፉ። አንድ ነጭና አንድ ሰማያዊ ካሬ ፊትና ፊት አጋጥሙ። ከጥግ እስከ ጥግ በሳሙና ስባሪ አስምሩ። ከመሥመሩ በዚህም በዚያም 7 ሚሊ ተኩል ርቃችሁ ሁለት ጊዜ ስፉ። ከዚያ መሥመሩ ላይ ቁረጡ። ግማሽ ነጭ፣ ግማሽ ሰማያዊ የሆኑ ሁለት ካሬ ወጣላችሁ። ሰያፉ ሲቆረጥ ስፌቱ አስሮታል፣ የት ይሄዳል?

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አልቆ 8 ሴንቲ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ስንት እንቁረጥ? በሒሳቡ የሚጨመረው 2.56 ይመጣል። 2 ሴንቲ ተኩል ካላችሁ ለጥቂት ያንሳችኋል። እኔ 3 እጨምራለሁ፣ 11 አድርጌ ቆርጬ ኋላ 9.5 ላይ አስተካክላለሁ። አዎ፣ ሚሊሜትሮች ይወድቃሉ። ያነሰ ካሬ ግን ብሎኩን በሙሉ ይዞት ይወድቃል።

[ኮከብ ያለበት ብሎክ ንድፍ በወረቀት።]

አሁን ወደምወደው። ኮከብ። መሃሉ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ካሬ፣ በአራቱ ጎን ሁለት ሁለት ሹል ጫፍ፣ ጥግ ጥጉ ነጭ። ካለቀ በኋላ 32 በ32 ሴንቲ።

በተለመደው መንገድ አራት በአራት አድርገው ይከፍሉታል፣ 16 ካሬ። ስምንቱ በሦስት ማዕዘን የተከፈሉ ናቸው። 24 ቁራጭ፣ 23 ስፌት። በኛ መንገድ 10 ቁራጭ፣ 14 ስፌት። እንዲህ ነው።

መሃሉ አንድ ካሬ፣ 17.5። ጥጎቹ አራት ነጭ፣ 9.5። ቀሪው ጎኖቹ ናቸው። እነዚህን ፈረንጆቹ የሚበሩ ዝይዎች ይሏቸዋል። ለኔ የጎጆ ጣሪያ ነው የሚመስሉኝ፤ መሃል ትልቅ ነጭ ሦስት ማዕዘን፣ ግራና ቀኝ ሰማያዊ። አራት ጎጆ እንፈልጋለን። አራቱም ከአንድ ነጭ ካሬ ይወጣሉ።

[ቀስ ያለ ቀረጻ፤ እጅና ጨርቅ ብቻ።]

ነጩን 20 በ20 ቁረጡ። ሰማያዊዎቹን አራት ካሬ፣ 11 በ11። ነጩን አንጥፉ። ሁለት ሰማያዊ በተቃራኒ ጥጎች ላይ ፊታቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡ። መሃል ላይ ጫፋቸው ይደራረባል፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት። በሁለቱም ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አስምሩ፣ በዚህም በዚያም ስፉ፣ መሥመሩ ላይ ቁረጡ። ሰማያዊዎቹን ወደ ውጭ ገልጣችሁ ካውያ አድርጉ። ልብ ይመስላል አይደል?

አሁን በእያንዳንዱ ልብ ላይ በቀረው ነጭ ጥግ አንድ ሰማያዊ አስቀምጡ። ከጥጉ ተነሥታችሁ በሁለቱ የልብ ጆሮዎች መሃል አስምሩ። ግራና ቀኝ ስፉ፣ ቁረጡ፣ ግለጡ። አራት ጎጆ! ስድስት ስፌት ብቻ። ወለሉን እዩት፣ ምንም የለም። የሚወድቀው ስታስተካክሉ የሚላጨው ነው።

ስታስተካክሉ 9.5 በ17.5 ይሁን። ከጣሪያው ጫፍ በላይ 7 ሚሊ ተኩል ሰማያዊ መቅረት አለበት። እሷን ከቆረጣችሁ ስትገጣጥሙ ሹሉ ስፌቱ ስር ይገባና ደነዝ ኮከብ ይሆናል። እኔ እዚህ ጋ ነው አሥር ጊዜ የምለካው፤ ጋሼ ልክ ናቸው።

ለመቁረጫ በመቀስና በማስመሪያ ነው የምሠራው። የጃፓኑ ኦልፋ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው ተሽከርካሪ ምላጭ አለ፤ ብዙ ድርብ ጨርቅ በአንዴ ይቆርጣል። ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ ግን አሪፍ የተሳለ መቀስ ይበቃል። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል የጥቁሮች መንደር ሴቶቹ ከአሮጌ ቱታና ከሥራ ሱሪ ኩዊልት ሲሠሩ ምን ምላጭ ነበራቸው? በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራቸው ኒውዮርክ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

[አራት ኪሎ፣ የሰፊ ቤት በር። የስፌት መኪና ድምፅ።]

የመጀመሪያውን ኮከብ ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ፊቱን እንኳ አላዩትም። ገለበጡት። ሰፊ ሥራ የሚያየው ከጀርባ ነው። ስፌቶቹን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ የቱ ወዴት እንደተኛ። «ይሄማ ሳይከመር ተሠርቷል» አሉ። ከዚያ ከአንገታቸው ሜትራቸውን አወረዱ። ገና ስላልተገጣጠመ 33.5 ነው መምጣት ያለበት። አንዱ ጎን 33.5። ሁለተኛው 33.5። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ቆሙ፣ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቺ ሦስት ሚሊ የት ሄደች?»

እስካሁን እየፈለግኳት ነው። እሳቸው እንደሆነ ሁለተኛ ማዳበሪያ አሸክመውኛል።