ብዙ የሚያወጣው ስቴት ለምን አንደኛ አይወጣም? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ እናት፣ ኒው ዮርክ ለአንድ ተማሪ የሚያወጣው ገንዘብ ከዩታ በሦስት እጥፍ እየበለጠ ውጤቱ ለምን በዚያው ልክ እንደማይበልጥ ጠይቀዋል።

መልስ፦ የሰሙት ቁጥር ትክክል ነው። በ2022 የበጀት ዓመት ኒው ዮርክ ለአንድ ተማሪ 29,873 ዶላር፣ ዩታ ደግሞ 9,552 ዶላር እንዳወጡ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መዝግቧል፤ ሆኖም የዩታ ልጆች ኔፕ በሚባለው አገር አቀፍ ፈተና ከአማካዩ በታች አይደሉም። ይህን ይዘው ገንዘብ ፋይዳ የለውም የሚሉ አሉ፤ ድምዳሜው ግን የችኮላ ይመስለኛል። ኑሮ በተወደደበት ኒው ዮርክ የመምህር ደመወዝና ጡረታ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፣ በድህነት የሚያድጉ ልጆችም ከዩታ ይልቅ እዚያ ይበዛሉ። ማሳቹሴትስ በ1993 ባወጣው ሕግ ለድሃ ከተሞች የሚሰጠውን ድጎማ ሲጨምር፣ የትምህርት ደረጃውንና ፈተናውንም አብሮ አጠበቀ፤ ዛሬ በኔፕ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው። ስለዚህ ከመጠኑ እኩል፣ ገንዘቡ ለማንና ከምን ግዴታ ጋር እንደተሰጠ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ከአትላንታ የደወሉ አድማጭ፣ ድሃው ሚሲሲፒ በንባብ እንዴት ቀደመ ብለዋል።

መልስ፦ በ2013 በአራተኛ ክፍል ንባብ 49ኛ የነበረው ስቴት በ2024 ዘጠነኛ ሆኗል። በዚያው በ2013 የወጣው ሕግ የንባብ አሠልጣኞችን ደካማ ውጤት ወዳላቸው ትምህርት ቤቶች ላከ፤ አሠልጣኟ ከመምህሯ ጎን ሆና ፊደልን ከድምፅ ጋር የማያያዝን ትምህርት ታግዛለች። በሦስተኛ ክፍል ማብቂያ የንባብ ፈተናውን ያላለፈ ልጅ ደግሞ፣ በሕጉ ከተፈቀዱት ሁኔታዎች በቀር፣ ክፍሉን ይደግማል። ማስደገሙ ብቻ ውጤቱን ከፍ አድርጎታል የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ የስምንተኛ ክፍል ንባቡም ገና ከአገሪቱ አማካይ ዝቅ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ የደወሉ አባት፣ ቤት ለመግዛት ሲያስቡ የስቴቶችን ደረጃ ማመን ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ በእሱ ብቻ አይወስኑ። ከሃዋይ በቀር፣ እዚያ ስቴቱ በሙሉ አንድ ዲስትሪክት (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች በአንድነት የሚያስተዳድር አካል) ስለሆነ፣ የትምህርት ቤት በጀት ጉልህ ክፍል የሚመጣው ከአካባቢው ነው፤ በአብዛኛውም ከንብረት ግብር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1973፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ከዚህ የሚመጣው በሀብታምና በድሃ አካባቢዎች መካከል ያለው የበጀት ልዩነት የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም ብሎ ፈርዷል። በአንድ ስቴት ውስጥ ሁለት አጎራባች ዲስትሪክቶች የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁት ለዚህ ነው። ስለዚህ የስቴቱ ትምህርት መምሪያ የሚያወጣውን የትምህርት ቤቱን የውጤት መግለጫ ይክፈቱ፤ ልጅዎ እንግሊዝኛ እየተማረ ከሆነ፣ ከጠቅላላው አማካይ አስቀድመው የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ውጤት ለብቻው ይመልከቱ።