ልደቷ እረፍት ላይ ለሚውል ልጅ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ነገር ለብዙ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ሦስት ዓመት ሲያሳስበኝ ቆይቷል። የልጅ ልደት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እያለ ሲውል ምን ይደረጋል?

የትልቋ ልጄ ልደት የሚውለው በረጅሙ እረፍት እኩሌታ ላይ ነው። ሕፃን እያለች ይሄ ምንም አልነበረም። ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፣ ሻማ ይበራል፣ ይጨበጨባል፣ በቃ። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ልደት ማለት ጓደኛ ማለት ሆነ።

ስድስት ዓመት ሲሞላት በቀኑ እናክብርላት አልን። አስራ አራት ልጆች ጠራን። ችግሩ የጠራንበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ መልእክቱን የላክነው በወላጆች ግሩፕ ነው። ግሩፑ ደግሞ በእረፍት ጊዜ ጭር ይላል። የመለሱልን ጥቂት ናቸው። እኔ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

የዚያን ቀን ጠዋት ልጄ አስራ አራት ፊኛ አስነፋችኝ። ከዚያ ማርከር ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና የጓደኞቿን ስም ትጽፍባቸው ጀመር። መጻፍ ገና መልመዷ ነበር። ፊኛው ሲያንሸራትታት በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ትይዘዋለች። እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብላ እየጠራች ነው የምትጽፈው። ስትጨርስ በየወንበሩ አሰረቻቸው።

ሦስት ልጆች መጡ።

ከቀሩት ውስጥ ያጠፋ የለም። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ነበሩ። አንዷ አያቷ ጋ ሄዳለች። አንደኛው እረፍቱን የሚያሳልፈው አባቱ ጋ ነው፤ መልእክታችን የደረሰው ግን ለእናቱ ነው። ልጄ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ወንበሮቹ ታያለች፤ የማንን ፊኛ እንደምትፈታ እያሰበች መሰለኝ።

ፊኛዎቹን እንዳንጥልባት ለመነችን። ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ ቆዩ። አየሩ ሲወጣ ፊኛው ያንሳል፣ የተጻፈበት ስምም አብሮት ያንሳል። ፊደሎቹ ተጠጋግተው ይጠቁራሉ። አስራ አንድ ትንንሽ ስሞች። እነሱን እያየሁ ነው ሁለተኛ እንዲህ አይደረግም ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። የልጆች ግብዣ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ወላጆች ካርድ ልከን የጨረስን ይመስለናል። ነገሩን የሚያስኬደው ግን ልጅ ለልጅ «ትመጫለሽ አይደል?» የሚባባለው ነው። ልጁ ያንን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ እናቱን አባቱን ይነዘንዛል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይሄ ይቋረጣል። ስለዚህ ድግሱ መቼም ይሁን መቼ፣ ጥሪው ልጆቹ አንድ ላይ እያሉ መድረስ አለበት።

እኛ አሁን የጓደኞቿን ድግስ የምናደርገው ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። የመጨረሻው ሳምንት አይሆንም፤ ቤተሰብ ሻንጣ እየሸከፈ ነው፣ አንዳንዱም ቀድሞ ሄዷል። የፈተና ሰሞንም አይሆንም። ከእረፍት መልስ የሚያደርጉ አሉ፣ እሱም ጥሩ ነው። ግን ሁለት ሳምንት ቢታለፍ ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ሰው ድካም ላይ ነው፣ ወጪውም ተደራርቦበታል፣ ልጆቹ ራሳቸው ገና አልተላመዱም። አጭር እረፍት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉትን ቅዳሜና እሁድ ተዉአቸው። ሁሉም መንገድ ላይ ነው።

ሁለት የእረፍት ልጆችን አንድ ላይ ማክበርስ? እኔ እደግፋለሁ። ብቻ ሻማውም መዝሙሩም ለየብቻ ይሁን።

ቀኑን ስናዞር ግን ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ትንሹ ልጄ ባለፈው ዓመት አራት ሊሞላው ሲል ድግሱን በሁለት ሳምንት ቀደም አደረግንለት። የልደቱ ቀን ደርሶ እንኳን አደረሰህ ስለው ግራ ገባው። «አባዬ፣ አሁን አምስት ሆንኩ?» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ እሱ ድግሱ ነው አራት ያደረገው። ሁለተኛ ሻማ ሲያይ ሌላ ዓመት የተጨመረለት መሰለው።

በኋላ ሳነብ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ አወቅኩ። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣክሊን ዉሊ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይህንኑ አጥንታለች። ልደቱ ስላልተከበረለት ልጅና ሁለት ጊዜ ስለተከበረለት ልጅ ተረት እየነገሩ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ልጆቹን ይጠይቋቸዋል። ከትንንሾቹ መካከል ድግስ ያልተደረገለት ልጅ ዕድሜው አልጨመረም፣ ሁለት የተደረገለት ደግሞ ሁለት ዓመት ጨመረ ብለው የሚያስቡ ነበሩ። ይህን ሳነብ የልጄ ጥያቄ እንደገና ተሰማኝ። እኛ ለእንግዳ እንዲመች ብለን ቀን እናዞራለን። ልጁ ግን ማደግ አለማደጉን ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ ቀኑ ሲዛወር ለልጁ ይነገረው። «ቅዳሜ ጓደኞችህ ይመጣሉ፣ አራት የምትሆነው ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው» ማለት ይበቃል። ካላንደር ላይ በሁለት ቀለም ማክበብ ደግሞ በጣም ይረዳል። ትክክለኛው ቀንም በዝምታ አይለፍ። እኛ ጠዋት አልጋው ጋ አንድ ሻማ ይዘን እንሄዳለን። አምስት ደቂቃ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚያወራው ግን ስለሱ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የምወደው አንድ የድሮ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ያኔ ሳሞዋ ይኖር ነበር። የአንድ ወዳጁ ልጅ፣ አኒ አይድ፣ የተወለደችው በፈረንጆች ገና ዕለት ነው። በዓሉ ልደቷን ስለሚውጠው የራሷ የምትለው የልደት ቀን አልነበራትም። ስቲቨንሰን ይህን ሲሰማ በሕግ ሰነድ ወግ የራሱን ልደት፣ ኖቬምበር 13ን፣ ለእሷ አስተላለፈላት። ምስክሮችም አስፈርሟል። ልጅቷ ቀኑን በአግባቡ ካልያዘችው መብቱ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይተላለፋል የሚል ቃል ጭምር አስገብቶበታል። ትልቅ ሰው ነው፣ ሥራ አለው። የአንዲት ልጅ ቅሬታ ግን ወረቀትና ቀለም የሚያስወጣ ጉዳይ ሆኖ ታየው። ባሰብኩት ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

አስተማሪዎችም ብትሰሙኝ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙ ክፍል ግድግዳ ላይ የልደት ዝርዝር ይለጠፋል። የልጄም ስም አለበት። ቀኗ ሲደርስ ግን ክፍሉ ተቆልፏል፤ ዓመቱን ሙሉ ለሌላው ስታጨበጭብ ትቆይና ለእሷ የሚያጨበጭብ አይኖርም። ባለፈው ዓመት አስተማሪዋን ጠየቅን፣ እሷም ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን መርጣ የእረፍት ልጆችን በሙሉ አንድ በአንድ እያስነሳች አዘመረችላቸው። ሰባት ልጆች ነበሩ። ልጄ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው የነገረችኝ።

ዘንድሮ ዘጠኝ ይሞላታል። ትምህርት ቤት ሊዘጋ አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ትናንት ማታ ካላንደሩ ፊት ቆመን ነበር። አንዱን ቅዳሜ አሳየኋት፣ «እሱ የፈተና ዋዜማ ነው» ብላ ሰረዘችው። የሚቀጥለውን በእርሳስ አከበበች። ስድስት ጓደኞች ብቻ ነው የምትፈልገው። ፊኛ ላይ ስም ትጽፊያለሽ ወይ አልኳት።

«አዎ» አለችኝ፣ «ግን ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ።»

ካርዶቹ ሰኞ ይሄዳሉ።