መብራት ጠፍቶ ሲመጣ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከድምፄ ጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው። የጅማ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይክ አይችለውም፣ ታገሱኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማውራት የፈለግኩት ስለ ከባድ ጌም ነው። አንድ ጌም ከባድ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ከባድ ሆኖ የሚወደደውና ከባድ ሆኖ የሚያስጠላው በምን ይለያሉ? ብዙ ጊዜ ሳሰላስለው የኖርኩት ነገር ነው።

እኔ ጌም የለመድኩት ሄርማታ ውስጥ፣ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ፕሌይስቴሽን ቱ። ኳስ ከሆነ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ሚሽን፣ ማለት ጌሙ የሚሰጥህ ተልዕኮ፣ ከሆነ በሰዓት ነው። የደረስክበትን የሚያስቀምጥልህ ሜሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ነበር፣ እሱም ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንድ። የሳምንት ልፋትህ ላይ ሌላው ሴቭ አድርጎበት ታገኘዋለህ። ከሱ የተረፈውን ደግሞ መብራት ይወስደዋል። ሦስቱም ቴሌቪዥን እኩል ድርግም ሲል የሁላችንም "ኧረ!" አንድ ላይ ነበር የሚወጣው።

ታዲያ መብራቱ ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ አይ ነበር። አንዳንዱ ጌም ላይ የነበረ ልጅ ጆይስቲኩን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዳንዱ ላይ የነበረው ግን ያው ሁለት ሰዓት የለፋበት ጠፍቶበት፣ ኪሱን ዳብሶ ሌላ ብር ያወጣል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ እስከዛሬ ጌም የምመዝነው በዚህ ነው። ሁሉም ነገር ቢጠፋብኝ ከዜሮ እጀምረዋለሁ ወይ?

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን የተጫወታችሁ የባቡሯን ሚሽን ታስታውሳላችሁ። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አንተ ሞተር ትነዳለህ፣ ጓደኛህ ቢግ ስሞክ ከኋላህ ተቀምጦ ባቡሩ ጣሪያ ላይ ያሉትን ሰዎች ይተኩሳል። ትእዛዙ ባቡሩን ተከተል ነው። ተከተልን። ሐዲዱ ጥግ፣ ባቡሩን ልንነካው እስክንደርስ ተጠግተን ተከተልን። ስሞክ ይስታል፣ ባቡሩ ያመልጣል፣ ጭራሽ ስሞክ ዞሮ እኛኑ ይቆጣል፤ ባቡሩን መከተል ብቻ ነበር የሚጠበቅብህ ይላል። ሚስጥሩን አንድ ልጅ ስንት ቀን ከስሮበት ነው ያገኘው፤ ራቅ ብለህ፣ ጎን ለጎን መሄድ ነው፣ ያኔ ስሞክ ይመታል። ይሄ ክብደት አይደለም። ጌሙ የሚፈልገውን ደብቆ አንተን መውቀስ ነው። ዛሬም ያናድደኛል።

የእኛ ቤት ደግሞ ሌላ ክብደት ነበረበት፣ ጌም የሠሩት ሰዎች ያላሰቡት። ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ጋድ ኦፍ ዋር የሚባለው ጌም፣ የ2005ቱ፣ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመህ ከሞትክ ወደ ቀላሉ ልቀይርልህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። አንድ ቀን አንድ ጓደኛችን ሞቶ ሞቶ ያ ጽሑፍ መጣበት። ሃይስኩል የደረሰው ልጅ አንብቦ "እምቢ በል! እምቢ በለው!" ብሎ ሲጮህ፣ ልጁ ምን እንደተባለ ሳይገባው ኤክስን ተጭኗል። ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለወር ያህል "ቀላሉ" ነበር የምንለው። የጌሙን ጀግና ክራቶስን እስከ መጨረሻው አድርሶት እንኳን አልተቆጠረለትም። እኔም ከሚስቁት ውስጥ ነበርኩ። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

በቀላሉ መጫወት ነውር ነው የሚለው ነገር እኔ ውስጥ የገባው እዚያ ቤት ነው። አድጌም አብሮኝ ኖረ። ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴ ሴሌስትን ጀመረች። በ2018 የወጣ፣ አንዲት ልጅ ከራሷ ጭንቀት ጋር እየታገለች ተራራ የምትወጣበት ጌም ነው፣ ደግሞም እጅግ ከባድ። ግን የጌሙን ፍጥነት እስከ ግማሽ ድረስ መቀነስ ትችላለህ፣ ከፈለግክ ጭራሽ እንዳትሞት ማድረግም ይቻላል። እህቴ አዳር ትሠራለች፣ ለራሷ የምትተርፋት አንድ ሰዓት ናት። ፍጥነቱን ቀንሳ ስትጫወት አይቼ "ይሄማ ተጫወትኩ አይባልም" አልኳት። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። "አንተ አሥር ሰዓት አለህ፣ እኔ አንድ" አለችኝ።

በነጋታው መብራት ሄዶ አንድ ክፍል መሃል ላይ ቆረጣት። ሲመጣ ምን እንደምታደርግ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ቡናዋን አስቀምጣ ያንኑ ክፍል ከበሩ ጀመረች። መልስ አልነበረኝም።

ስለ አቺቭመንት፣ ጌም ውስጥ አንድ ነገር ስትፈጽም ስለሚሰጥህ ሽልማት፣ ብዙ አልልም። ማይክሮሶፍት በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር ጀመረው፣ ሶኒ በ2008 ዋንጫ አመጣ፤ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ነገር ግን አሳሲንስ ክሪድ በየመንገዱ የበተነውን 420 ባንዲራ ለመልቀም የተቀመጥኩ ጊዜ ስልሳ ገደማ ደርሼ ተውኩት። አንዱም ባንዲራ የተሻለ ተጫዋች አላደረገኝም። የባቡሯን ሚሽን ያለፍን ቀን ምንም ዋንጫ አልወጣም፣ አግዳሚው ላይ የነበረው ሁሉ ግን ተነሥቶ አቀፈን።

የዓለም ምርጥ ጌም የሚባሉትን ዝርዝሮች ሳይ አንደኛ ላይ ብዙ ጊዜ የ1998ቱ ዜልዳ፣ ኦካሪና ኦፍ ታይም ይቀመጣል። የሃያሲያንን ነጥብ የሚያሰባስበው ሜታክሪቲክ ላይ ከመቶ 99 ነው ያለው። አምናለሁ፣ ትልቅ ሥራ ነው። እኛ ሰፈር ግን ኒንቴንዶ አልደረሰም። ባልነካሁት ነገር መማል አልችልም።

የእኔ አንደኛ ሴኪሮ የሚባለው የሰይፍ ውጊያ ጌም ነው። በ2019 በዘ ጌም አዋርድስ የዓመቱ ጌም የተባለው። ቀላል ከባድ የሚል ምርጫ የለውም፣ እህቴ ልትጫወተው አትችልም፤ ይሄ ቅር ይለኛል፣ ቢኖረው እመርጥ ነበር። ለምን አንደኛ አደረግኩት ታዲያ? ስለማይደብቅ። ሰይፍህን በጊዜው ካነሣህ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፣ ከዘገየህ የታፈነ ነው፣ ጆሮህ ያስተምርሃል። ጌኒቺሮ የሚባለው ጠላት መብረቁን ሲወረውር መሸሽ አያድንም፤ ትዘላለህ፣ አየር ላይ እንዳለህ ይመታሃል፣ እግርህ መሬት ሳይነካ በሰይፍህ ትመልስለታለህ። መጀመሪያ ያደረግኩት ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሞትኩ ቁጥር ለምን እንደሞትኩ አውቀዋለሁ። ባቡሯ ያንን ከልክላኝ ነበር።

ሁለተኛ ሴሌስትን አደርጋለሁ፣ ሦስተኛ፣ ባቡሯ እንዳለች ሆና፣ ሳን አንድሪያስን።

ትናንት ማታ ሴኪሮ መጨረሻው ላይ ነበርኩ፣ ከመጨረሻው ጠላት ከኢሺን ጋር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አድርሼው፣ አንድ ሁለት ምት ሲቀረው፣ መብራቱ ሄደ። እዚያ ውጊያ ውስጥ ደግሞ መሃል ላይ መቀጠል የለም፤ እንደገና ከጌኒቺሮ ነው የሚጀመረው። ዛሬ ማታ መብራቱ ካለ እገባለሁ።