«ዙሉ» ፊልም፦ ከጎንደር አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ «ዙሉ» ፊልም አውርተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ የእንግሊዝ የጦርነት ፊልም ነው። ታሪኩ ጥር 1879 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮርክስ ድሪፍት በምትባል የሚሲዮን ጣቢያ የሆነ ነው። ከ150 ብዙም የማይበልጡ የእንግሊዝ ወታደሮች ከ3,000 እስከ 4,000 የሚደርስ የዙሉ ጦር ሲመክቱ ያሳያል። ስልኩ ፋታ ስላልሰጠን ለሁሉም መልስ አልደረሰም። የቀሩት እነሆ።

ከአዘዞ፦ «መምህር፣ መጨረሻ ላይ ዙሉዎቹ ኮረብታ ላይ ቆመው ለእንግሊዞቹ ጀግንነት ያዜማሉ። ይሄ የምር ሆኗል?»

አልሆነም፣ ወንድሜ። ዙሉዎቹ በማግስቱ ጠዋት ኮረብታው ላይ መታየታቸው እውነት ነው። የተመለሱት ግን ደክመውና ተርበው ስለነበር፣ የእንግሊዞቹም ደራሽ ጦር ሲመጣ ስላዩ ነው። ትዕይንቱ ያምራል። እኔም መጀመሪያ ሳየው ሆዴ ባብቷል። ግን አስበው። ከ350 በላይ የወገኖቹ ሬሳ ግቢው ዙሪያ ወድቆ ያየ ሰው ገዳዩን ያሞግሳል? ውጊያው ካበቃ በኋላ ደግሞ የቆሰሉ ዙሉዎች እዚያው ተገድለዋል። ይህ ፊልሙ ውስጥ የለም። በቦታው የገባው የሙገሳ ዜማ ነው። ተገዳዩ ራሱ ገዳዩን ይቅር ያለው ይመስላል። እኔን የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው።

ከማራኪ፣ ተማሪ ነኝ ያለች፦ «ታዲያ ፊልሙ ዘረኛ ነው ማለት ነው?»

በአንድ ቃል ልዘጋው አልፈልግም፣ እህቴ። ዳይሬክተሩ ሳይ ኤንድፊልድ አሜሪካዊ ነው። በግራ ዘመምነት ተጠርጥሮ ሥራ ሲከለከል ነው እንግሊዝ የገባው። ዋናው ተዋናይና ፕሮዲውሰሩ ስታንሊ ቤከር የዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነው። ቅኝ ግዛትን ለማወደስ የተነሱ ሰዎች አይደሉም። ከውጊያው በኋላ ወጣቱ መኮንን «አፈርኩ» ይላል እንጂ አይፎክርም። ዙሉዎቹም እንደ መንጋ አልተሳሉም። የጦር አዛዣቸው መጀመሪያ ጥቂት ሰው ልኮ የእንግሊዞቹን ጠመንጃ ያስቆጥራል። ንጉሡን ሴትሽዋዮን ሆኖ የተጫወተው ደግሞ የልጅ ልጅ ልጁ ማንጎሱቱ ቡቴሌዚ ነው። ለ1964 ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ዋናው ጥያቄ አልተነሳም። እንግሊዞቹ እዚያ ምን ይሠራሉ? አንድ ወታደር «ለምን እኛ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚሰጠው መልስ «እዚህ ያለነው እኛ ስለሆንን» የሚል ነው። እንደ ወታደር መልስ ደህና ነው። እንደ ታሪክ ግን ባዶ ነው። እንግሊዞች ለሴትሽዋዮ «ሠራዊትህን በትን» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላኩ፤ ጥር 11 ቀን 1879 ድንበሩን ተሻግረው ገቡ። ይህን የማያውቅ ተመልካች ዙሉዎቹን ወራሪ፣ እንግሊዞቹን ባለቤት አድርጎ ያያቸዋል። ፊልሙ በአፓርታይድ ዘመን እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነው የተቀረጸው፤ ከጥቂት ልዩ ማሳያዎች በቀር ጥቁሮች እንዳያዩት ተከልክሎ ነበር።

ከፒያሳ፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ የዙሉዎቹ ዜማ ፉከራችንን አስታወሰኝ። ተሳስቻለሁ?»

አልተሳሳቱም፣ እማማ። ንጋት ላይ ነው። ዙሉዎቹ ጋሻቸውን እየመቱ በአንድ ድምፅ ያዜማሉ። ከምሽጉ በስተጀርባ ያሉት ወታደሮች ሌሊቱን አልተኙም፤ ፊታቸው በጭስ ጠቁሯል። አዛዡ «የእናንተ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አይዘፍኑም?» ይላል። እነሱም የዌልስን የጦር መዝሙር ያነሳሉ። ሁለቱ ዜማዎች ሜዳው ላይ ይገጥማሉ። በእውነቱ ውጊያ መዝሙሩ አልተዘመረም፤ ለፊልሙ የገባ ነው።

አንድ ልዩነት ግን ልብ ይበሉ። የእኛ ሰው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሳ ራሱን፣ አባቱን፣ አገሩን ይጠራል። ዙሉዎችም ኢዚቦንጎ የሚሉት የሙገሳ ግጥም አላቸው፤ ስምና ዘር የሚቆጠርበት። ፊልሙ ላይ የወታደሮቹን ግጥም ቃል በቃል እንሰማለን። ከዙሉዎቹ የሚደርሰን ድምፁ ብቻ ነው። የማን ልጅ እንደሆኑ ሳናውቅ ይወድቃሉ።

ከአራዳ፦ «ከእኛ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?»

አለ፣ በጣም እንጂ። ከሮርክስ ድሪፍት ውጊያ ሰዓታት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዕለት፣ ዙሉዎች ኢሳንድልዋና ላይ የእንግሊዝን ጦር ደምስሰው ከ1,300 በላይ ገድለዋል። የእነሱ አድዋ በሉት። ፊልሙ የተቃጠለውን ሰፈር አሳይቶ ቶሎ ያልፈዋል። ስለ ትንሿ ጣቢያ መከላከል ግን ሁለት ሰዓት ይተርካል። ለተከላካዮቹ 11 የቪክቶሪያ መስቀል፣ ማለትም የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳልያ፣ ተሰጥቷል።

የዚያ የተደመሰሰው ጦር ዋና አዛዥ ሎርድ ቼልምስፎርድ ነበር። ከ11 ዓመት በፊት፣ በ1868፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ከዘመቱት መኮንኖች አንዱ ነው። እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ልዑል ዓለማየሁ ደግሞ ኅዳር 1879 እንግሊዝ አገር አረፈ፤ ዕድሜው 18 ነበር። ፊልሙን ደግማችሁ ካያችሁት መጀመሪያ ላይ የሚነበበውን ሪፖርት አዳምጡ። ጻፊው ያው ቼልምስፎርድ ነው።