ጉድቡም ግንቡም አንድ ድንጋይ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከሰሞኑ ከሐሳቤ አልወጣ ያለ አንድ ግንብ አለ፤ ስለ እሱ ላውጋችሁ።

እዚህ እስራኤል፣ ከቤት ሸአን በስተሰሜን፣ ከዮርዳኖስ ሸለቆ በላይ አፋፉ ላይ ቤልቯር የሚባል ምሽግ አለ። በዕብራይስጥ ኮካቭ ሃያርደን ይሉታል፤ የዮርዳኖስ ኮከብ ማለት ነው። ሆስፒታለር የሚባሉት የመስቀል ጦረኞች ቦታውን የገዙት በ1168 እ.ኤ.አ. ነው።

እስካሁን ለእኔ የምሽግ ቁንጮ ሶርያ ያለው ክራክ ዴ ሼቫልዬ ነበር። እሱም የእነዚሁ የሆስፒታለሮች ነበር። ፎቶውን ስታዩት ከተራራው የበቀለ ይመስላል። ቅጥሩ የተራራውን ቅርጽ ተከትሎ ይጎብጣል። መግቢያው ጣሪያ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ በሩን ሰብሮ የገባ ጠላት መታጠፊያው ላይ ይጠበቃል።

ቤልቯር ግን በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። አራት ማዕዘን ግንብ፣ በውስጡ ሌላ አራት ማዕዘን ግንብ፣ በየማዕዘኑ ማማ። የውጭው ቢያዝ የውስጡ ለብቻው ይዋጋል። ክራክ የውጭውን ቅጥር ያገኘው ኋላ ላይ ሲታደስ ነው። ቤልቯር ከመነሻው እንዲህ ታስቦ ነው የተሠራው።

ጉድቡ ውስጥ ወረድኩ። ምሽጉን በሦስት በኩል ይከበዋል፣ 20 ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ከጥቁር ባዛልት የተፈለፈለ ነው። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ፀሐይ ጠጥቶ ያቃጥላል። ቀና ስል ግንቡም ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። ያኔ ነው የገባኝ። ከጉድቡ ያወጡትን ድንጋይ ነው ወደ ላይ የካቡት! ጉድቡ በጠለቀ ቁጥር ግንቡ ከፍ ይላል። እውነቴን ነው፣ ቆሜ ቀረሁ።

ከማማዎቹ ሥር ደግሞ ጠባብ በሮች አሉ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ደረጃው ወደ ውስጥ ይወጣል። የተከበቡት ሰዎች በዚህ ብቅ ብለው ጉድቡ ውስጥ የገባውን ጠላት ድንገት ይመቱበታል። ክራክን የሚጠብቀው ተራራው ነው። እዚህ ግን በአራተኛው በኩል ካለው ገደል በቀር ሁሉንም የሰው እጅ ነው የሠራው። ለዚህ ነው ልቤ ወደ ቤልቯር ያደላው።

የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላዲን በ1187 ሐቲን በተባለ ቦታ የመስቀል ጦረኞቹን ድል ካደረገ በኋላ ምሽጎቻቸው ተራ በተራ ሲወድቁ፣ ይሄ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ተከቦ ቆየ። የሳላዲን ቆፋሪዎች ከሥር ገብተው የውጭውን ማማ ሲንዱት፣ በ1189 መጀመሪያ እጅ ሰጡ። በሰላም ወደ ጢሮስ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው።

በሌላ ቀን ማለዳ፣ ድንጋዩ ሳይግል ደግሜ እሄዳለሁ። ያንን ጠባብ በር ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት እፈልጋለሁ።