የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ፎቶዬ ለምን ብዥ አለ?

ዛሬ ከባሕር ዳርና አካባቢው የደወላችሁልን ስለ ካሜራ ሻተር ነው የጠየቃችሁት፤ ሻተር ፎቶ ሲነሳ ለአፍታ ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው በር ነው። የፎቶ ባለሙያችን እንዲህ መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከቀበሌ 14 ነው። ዘንባባው ሥር ብስክሌት የሚነዳ ጓደኛዬን በ1/60ኛ ሰከንድ ፎቶ አነሳሁት። አጠገቡ ያለው ዛፍ ጥርት ብሏል፣ እሱ ግን ብዥ አለብኝ። ፎከሴ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ፎከስህ ደህና ነው ወንድሜ። ዛፉ ጥርት ካለ እጅህም አልተንቀጠቀጠም። ሻተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ጓደኛህ ጉዞ ላይ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል፤ በሰከንድ 5 ሜትር ማለት ነው። በ1/60ኛ ሰከንድ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ካሜራው ያን ሁሉ ጉዞ አንድ ፎቶ ላይ ይደራርበዋል። በ1/500ኛ ብታነሳው ኖሮ የሚሄደው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

ግን ፎቶውን እንዳትሰርዘው። ጎማውን አጉልተህ እየው። ከታች አስፋልቱ አጠገብ ያሉት ሽቦዎች ይታያሉ፣ ከላይ ያሉት ግን ጠፍተዋል። የሚንከባለል ጎማ መሬት የነካው ነጥብ ለዚያች ቅጽበት ቆሟል። የላይኛው ጫፍ ደግሞ ከብስክሌቱ እጥፍ ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ፎቶ በጣም ነው የምወደው፤ ፍጥነቱን በዓይንህ ታየዋለህ።

ጓደኛህ ጥርት ብሎ መንገዱ ብዥ እንዲል ከፈለግህ ደግሞ ሻተሩን 1/30ኛ ላይ አድርገውና ካሜራውን ከእሱ ጋር እኩል አዙር። ከወገብህ ዙር። ከተጫንክ በኋላም መዞርህን አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በሞባይል ሳነሳ የመብራት ምሰሶው አዘንብሎ ይወጣል። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የለም እህቴ፣ ስልክሽ ጤነኛ ነው። ይህ ብዥታ አይደለም፤ የምሰሶውን ጠርዝ እዪው፣ ጥርት ያለ ነው። አብዛኛው ሞባይል የሚከፈትና የሚዘጋ ሻተር የለውም። ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል) ምስሉን በመስመር በመስመር ያነባል። የመጨረሻው መስመር እስኪነበብ ባጃጁ ትንሽ ሄዷል፣ ምሰሶውም ቦታ ቀይሯል። ለዚህ ነው የሚዘምመው። ሻተር ስፒዱን (የሻተሩን ፍጥነት) ብትጨምሪው ብዥታው እንጂ መዝመሙ አይጠፋም። ባጃጁ ሲቆም አንሺ።

ትልቁም ካሜራ ከዚህ ነፃ አይደለም። ሁለት መጋረጃዎች አሉት፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። መጋረጃው ሴንሰሩን አቋርጦ ለመጨረስ 1/300ኛ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ታዲያ 1/2000ኛ እንዴት ይቻላል? ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ይነሳል። በመካከላቸው የ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ይቀራል፣ ያ ክፍተት ሴንሰሩን ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። ስለዚህ የፎቶው ላይና ታች እኩል ሰዓት የተነሱ አይደሉም። በድሮ ካሜራ መጋረጃው ቀርፋፋ ስለነበር ይህ ጎልቶ ይታያል። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ዣክ አንሪ ላርቲግ ከመቶ ዓመት በፊት ያነሳው የእሽቅድምድም መኪና ጎማው ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ተመልካቾቹ ደግሞ ወደ ኋላ። ካሜራውን ከመኪናው ጋር እያዞረ ስለነበር ነው።

ጥያቄ፦ ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው ጥጥ መስሎ እንዲወጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ያስፈልጋል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) 100 አድርጉት፣ ሻተሩን ከግማሽ እስከ 1 ሰከንድ። ፀሐይ ከበረታ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ሌንሱ ላይ ግጠሙ፣ አለዚያ በማለዳ ሂዱ። በክረምት ግን እኔ ጥጡን አልመክርም። ያን ጊዜ ዓባይ ሞልቶ ደፍርሶ ነው የሚወርደው፣ ጉልበቱ መታየት አለበት። 1/15ኛ ይበቃል፤ ውሃው ይሳባል እንጂ አይጠፋም። ፍንጣቂው ሌንሱ ላይ ስለሚያርፍ ደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊትም ጥረጉት።

ጣና ላይ ታንኳ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ይህን አትሞክሩት። ታንኳው ራሱ ስለሚወዛወዝ ትራይፖድ አይረዳም። ከ1/500ኛ አትውረዱ፣ ፔሊካን ሲበር ካገኛችሁ ደግሞ 1/1600ኛ አድርጉት።