ለቁጥቋጦ ቁራ የሚመች መሬት፦ ለጥበቃ ሠራተኞችና ለአስጎብኚዎች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፣ የያቤሎ ጥብቅ ስፍራ ጠባቂዎች፣ አስጎብኚዎች፣ ከየመንደሩ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች።

የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ በዓለም ላይ የሚኖረው እዚሁ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ብቻ ነው። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከቅርብ ዘመዶቹ መካከል በመካከለኛው እስያ በረሃማ ሜዳዎች የሚኖሩት የመሬት ጄይ የሚባሉት ወፎች ይገኛሉ። እሱም እንደነሱ እየተራመደና እየሮጠ ከመሬት ለቅሞ ነው የሚያድረው።

ዋና ምግቡ ነፍሳትና እጮቻቸው ናቸው። በምንቃሩ አፈር ይቆፍራል፣ እበት ይበትናል፣ የበሰበሰ እንጨት ይፈለፍላል፤ የሚበር ነፍሳት ካየም ያሳድዳል። ስለዚህ ወፉን የምትፈልጉት በመንደሩ ዳርና በበረቱ ዙሪያ፣ ሣሩ በከብት በተጋጠበት ሜዳ ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው ወፉን ለመጠበቅ ከብት ማባረርና ማጠር ያምረዋል። እኛ አንስማማም፤ ሣሩ ረዝሞ አፈሩን ከሸፈነው ወፉ ምኑን ይቆፍራል?

የከፋው ግን ቁጥቋጦው ነው። ቦረና ግጦሹን በየጊዜው በእሳት ያድስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ እሾሃማው ግራር ሜዳውን እየዘጋው መጥቷል። ስትመነጥሩ ወጣቱንና ጥቅጥቁን ቁረጡ፣ ረጃጅሙን ግራር ተዉት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ለማገዶም ለአጥርም የሚመቸው ትልቁ ዛፍ ይወድቃል፣ ችፍርጉ ይቀራል። ተቆርጦ የተተወ ጉቶም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ፍየልና ግመል ካልቀነጠቡት ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ትልቁ ዛፍ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ወፉ ከእሾሃማ ጭራሮ የሚሠራውን ክብ ጎጆ፣ መግቢያው ከላይ የሆነውን፣ አናቱ ላይ ይሸከማል። ሁለተኛው ጥላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የወፉ መኖሪያ ከዙሪያው ቆላ ቀዝቀዝ ያለ ኪስ መሆኑን አሳይቷል፤ በዚያ ውስጥ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋና ሲያልፍ ወፉ ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል፣ ወደ ጥላ ይገባል፣ የሚለቅመውም ይቀንሳል።

ስለዚህ ቆጠራውን ጎህ ሲቀድ ጀምራችሁ ረፋድ ላይ አቁሙ። ቀትር ላይ ሄዳችሁ «የለም» ብላችሁ አትመዝግቡ። ጎጆ ቆጥራችሁም በሁለት አታባዙ፤ አሮጌው ጎጆ ዛፉ ላይ ይቆያል፣ አንዱንም ጎጆ ከወላጆቹ ሌላ ረዳት ወፎች ሊመግቡበት ይችላሉ። በመዝገቡ ላይ ሰዓቱን፣ በዓይን የታዩትን ወፎች ብዛት፣ የሣሩን ቁመትና በአቅራቢያው በረት መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ጎጆ ያለበትን ዛፍ ደግሞ ምንጣሮው ከመጀመሩ በፊት ለቆራጮቹ በአካል ወስዳችሁ አሳዩአቸው።

አመሰግናለሁ።